የክፍል አለቃዋ ጅግራ

ተረቱን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍል አለቃ ነበርኩ። የረባሾችን ስም እየጻፍኩ ሰኞ ሰኞ ለዩኒት መሪው የማስረክበው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ይታክቱ የምትባል ጓደኛዬን ጻፍኳት። ጥፋቷ ግን ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ እሑድ ዕለት መንደር ውስጥ ነበር። ምን እንዳደረገች መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት መጣላችሁ፤ «ይምጣ» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ማንበብ በሚማሩበት ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ ትምህርት ቤት ነበር። ፊደሉ ዱካ ነው። አንደኛ ክፍል የጉንዳን ዱካ ይቆጠራል፣ ሁለተኛ ክፍል የአይጥ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ የነብር ዱካ ላይ ይደረሳል። የነብር ለመጨረሻ የተተወው ከባድ ስለሆነ ነው። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል። ዱካው ክብ፣ ለስላሳ፣ የጨዋ ልጅ ዱካ ይመስላል። ያልተማረ እንስሳ ሲያየው «እንዴት ያለ ረጋ ያለ ሰው አለፈ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለተኛ ግን አይሳሳትም፤ ሁለተኛ ጊዜ የለውምና።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ኤሊ ነበሩ። ኤሊ ቤታቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ስለሚዞሩ «ትምህርት አለቀ፣ ወደ ቤት ግቡ» የሚባለው ነገር ፈጽሞ አይገባቸውም። እሳቸው ቢሮ ሲገቡ ቤት ናቸው፤ ቤት ሲገቡ ቢሮ ናቸው። ታዲያ አንድ ሰኞ ሰልፍ ላይ አንገታቸውን አስረዝመው አዲስ ደንብ አነበቡ። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ በወንዝም ተማሪ ነው፣ በገበያም ተማሪ ነው፣ በሠርግም ተማሪ ነው አሉ። ሦስት ጊዜ የተጻፈ ይባረራል አሉ።

ይህን ሲሰማ አጥሩ እሾሁ ቆመ።

«ጌታዬ፣» አለ፣ «እኔ የተተከልኩት እዚህ ነው። ከእኔ ወዲህ የእርስዎ ነው፤ ከእኔ ወዲያ የእናት የአባት ነው።»

«አንተ አጥር ነህ፤ አስተያየት አልተጠየቅክም» አሉት ኤሊ።

ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ደወልም እንግዲያው የመውጫ ሰዓት ሲደርስ ለምን እንደሚደበደብ ጠየቀ። ለልማድ ነው ተባለ።

ለዚህ ትልቅ ሥራ የተመረጠችው ጅግራ ነበረች። ያን ጊዜ የጅግራ ላባ አንድ ነጥብ የሌለበት ጥቁር ነበር። ወረቀት ስላልነበረ ኤሊ ጠመኔ ሰጧትና ለእያንዳንዱ ጥፋት ላባዋ ላይ ነጭ ነጥብ እንድታደርግ አዘዟት። ጅግራ ጠመኔውን አንገቷ ላይ አሰረች። አረማመዷ እንኳ ተለወጠ።

የመጀመሪያው ሳምንት አለቀና ሰኞ ሲመጣ ላባዋ ንጹሕ ነበር።

«በዚህ ሁሉ አገር አንድ ረባሽ ጠፋ?» አሉ ኤሊ። «ጠመኔው ከብዶሽ ከሆነ ለቆቅ ልስጠው?»

ጅግራ ከቆቅ ጋር እንኳን ጠመኔ፣ ጥላ ተካፍላ አታውቅም። አይከብደኝም አለች።

ጅግራ አንድ ጓደኛ ነበረቻት፤ ቀለሟ የምትባል ሚዳቋ። ሁለቱም የመጨረሻ ክፍል ናቸው፤ የቀራቸው የነብር ዱካ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ወንዝ ወረዱ። ቀለሟ ውሃ እየረጨች ሳቀች፤ ጅግራ አሸዋ ላይ እየተንከባለለች ከእሷ የባሰ ሳቀች። ሰኞ ጅግራ አንድ ነጥብ አደረገች፦ ቀለሟ፣ በወንዝ ዳር ያለቅጥ በመሳቅ። ለራሷ አላደረገችም። ራሱን የሚጽፍ አለቃ የት ታይቶ ያውቃል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ወጡ። የሽምብራ እሸት ገዝተው እየጠረጠሩ ሄዱ፤ ግማሹን ጅግራ ናት የበላችው። ሰኞ ሁለተኛ ነጥብ ተደረገ፦ ቀለሟ፣ መንገድ ለመንገድ በመብላት። ኤሊ ጅግራን ሰልፍ ፊት አቁመው አስጨበጨቡላት። ቀለሟም አብራ አጨበጨበች። ስሟ ገና አልተነበበም ነበር።

ከዚያ ጃርት ልጁን ዳረ። መቼም የጅግራ አንገት ለእስክስታ የተፈጠረ ነው። ቀለሟ ትከሻዋን ስትሰብቅ ጅግራ አንገቷን እየሰበረች ፊት ለፊት ገጠመቻት፣ ሠርገኛው «አውርጂው!» አለ፣ ዳሱ ተናወጠ። ሰኞ ጠዋት ሦስተኛዋ ነጥብ ላባ ላይ አረፈች።

ቀለሟ ወላጅ አምጪ ተባለች። እናቷ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች።

«ልጄ ምን አጠፋች ጋሼ?»

«በጃርት ቤት ሠርግ ጨፍራለች።»

«ሠርግ ቤት ሄዳ ምን ታድርግ? ታልቅስ?»

«ተማሪ ናት። ተማሪ የትም ተማሪ ነው።»

«ማን አያት?»

«የክፍል አለቃዋ።»

«አለቃዋስ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሥራ ላይ ነበረች» አሉ ኤሊ።

«አዬ፣» አለች እናት፣ «ሥራው ከባድ ኖሯል። አንገቷ ሊነቀል እስኪደርስ ስትሠራ ዓይኔ አይቷል።»

ኤሊ አንገታቸውን ወደ ጅግራ መለሱ። ጨፍራ እንደሆነ ጠየቋት። ጅግራ ጠመኔውን በመንቁሯ ነካችው። ቀለሟ ታያታለች። አብረን ነበርን ብላ ልትናገርባት ትችል ነበር፤ አልተናገረችም።

«የለም፣» አለች ጅግራ፣ «እኔ ቆሜ ነበር።»

ቀለሟ በዚያው ቀን ተባረረች። ጅግራ እስከ በሩ ሸኘቻት።

«የመጨረሻውን ዱካ ግን ትነግሪኛለሽ አይደል?» አለቻት ቀለሟ። ስለሌላው ነገር አላነሳችም።

«እነግርሻለሁ» አለች ጅግራ።

በማግስቱ የነብር ዱካ ተማሩ። ጅግራ አንደኛ ወጣች። በዚያው ቀን ሌላ ደንብ ወጣ፦ ከተባረረ ጋር የተነጋገረ እንደ ተባረረ ይቆጠራል፣ ከአጥሩ ወዲያም ቢሆን።

በመጀመሪያው ቀን ጅግራ ዱካውን ለቀለሟ ልትነግር ወጥታ ከአጥሩ ስር ስትደርስ ቆመች። አጥሩ እሾሁን ገለጥ አደረገላትና «ሂጂ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አላት። ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ወንዙ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ቀለሟን ከማዶ አየቻት። ቀለሟ ጆሮዎቿን እያወዛወዘች ጠራቻት። ጅግራ እንዳላየች ሆና ዞረች። ብትሻገር ማን ይጽፋት ነበር? ጠመኔው ያለው በራሷ አንገት ላይ ነው። ግን አልተሻገረችም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጅግራ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ወንዙ ዳር፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ፣ ዱካ አየች። ትንንሽ፣ ሾል ሾል ያለ የሚዳቋ ዱካ ወደ ውሃው ይወርዳል። አጠገቡ ክብ፣ ለስላሳ፣ ጥፍር የማይታይበት ዱካ አለ። ትንሹ ዱካ አልሸሸም፤ ተረጋግቶ ውሃው አፍ ድረስ ሄዷል። ከዚያ አሸዋው ተበጥብጧል። ሲመለስ የሚታየው ክቡ ዱካ ብቻ ነው፤ ጠለቅ ብሏል፤ ሸክም አለበት። ጅግራ አንድ ፊደል ሳይቀራት አነበበችው። አንደኛ የወጣች ተማሪ ነበረች።

እየጮኸች ወደ ኤሊ ሮጠች። ኤሊ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሟት።

«መቼ ነው የሆነው?» አሉ።

«ዛሬ ጠዋት።»

«ደወል ሳይደወል?»

«ሳይደወል።»

«እንግዲያው ከትምህርት ሰዓት ውጪ ነው፤ ከግቢም ውጪ ነው። እኛን አይመለከትም» አሉና አንገታቸውን ወደ ቤታቸው አስገቡ። ወይም ወደ ቢሮአቸው።

ጅግራ ጠመኔውን በጥሳ ጣለችና ወንዝ ወረደች። ሦስቱን ነጥቦች ታጥብ ጀመር። ብታጥብ ብታሽ ነጥቡ ተስፋፋ እንጂ አልለቀቀም፤ ሦስቱ ሠላሳ ሆኑ፣ ሠላሳው ሦስት መቶ። ነብር ጠግቦ ከማዶ ተጋድሞ ነበርና አያት።

«እንዴት አደርሽ እህቴ፣» አላት፣ «አንቺም እንደኔ ነጠብጣብ ነሽ ለካ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጅግራ ብቻዋን መሄድ ትፈራለች። በመንጋ ትሄዳለች፣ ትንሽ ኮሽ ባለ ቁጥር አገር ይያዝልኝ ትላለች። የሚሰማት ግን የለም፤ ጩኸቷ ዘግይቷል።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ትምህርቱ ይኸው። ትምህርት ቤት ከአጥሩ ወዲያ ልጅን ልቆጣጠር የሚል ከሆነ፣ ከአጥሩ ወዲያ ነብር ሲመጣም ይድረስላት። ይህን ካልቻለ ደወሉን ይደውልና ልጆቹን ወደ ቤታቸው ይልቀቅ።

እኔ ይታክቱን የጻፍኳት የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ስለጨፈረች ነው። ወላጅ አምጪ ተባለች፤ አባቷ አልመጡም፤ እሷም አልተመለሰችም። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ያን ቀን ከበሮውን ስመታ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።