የባቄላው እንግዶች

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መሪጌታ ወልደሐና። ጠያቂያቸው አንድ ወጣት አናጺ ነው። አማቱ ለሁለት ሳምንት ብለው መጥተው አምስት ወር ሆኗቸዋል፤ እሱም «የኔታ፣ ሳይሠራ የሚበላን ሰው እስከ መቼ ነው የምቀልበው?» አላቸው። መሪጌታ በቀጥታ አልመለሱለትም፤ የገበሬውን ነገር ጀመሩለት።

ገበሬው ታታሪ ነበረ። የማያርስ በሬ አያቆይም፣ የማትጥል ዶሮ አያሳድርም። አንድ ነሐሴ ከማሳው ባቄላ ነቅሎ ቢያይ፣ ሥሩ ላይ ኪንታሮት የመሰሉ ትንንሽ እባጮች ተጣብቀዋል። ሌላም ነቀለ፤ ያው ነው። «ለካ እኔ ስለፋ እነዚህ ከሥር ሆነው ይበሉኛል» ብሎ ተናደደ።

በዓመቱ ዘሩን ይዞ ከወንዝ ማዶ ወዳለው ጠፍ መሬቱ ሊሻገር ተነሣ። እዚያ ባቄላ ተዘርቶ አያውቅም። ሚስቱ ግን አልተከተለችውም።

«አንተ ማዶ ዝራ» አለችው፤ «እኔ ከለመድኩት ቦታ አልወጣም። ግማሹን ዘር ተውልኝ።»

ተወላት። ዝናቡም ጥሩ ነበር፤ የሁለቱም ባቄላ እኩል በቀለ። ገበሬው ከማዶው ማሳ አንዱን ነቅሎ ቢያይ ሥሩ ነጭ ነው፤ አንድም እባጭ የለበትም። ደስ ብሎት እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ደስታው ወር አልሞላውም። የእሱ ባቄላ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ቀጨጨ። የሚስቱ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወገብ ደረሰ። ሚስቱ አልሳቀችበትም፤ እሱን የበለጠ ያሳፈረው ይህ ነው። የዓመቱ ሽሮ ግማሹ ከእሱ ማሳ ይጠበቅ ነበርና፣ የቀበሌዋን የግብርና ባለሙያ ጠራት። ልጅ እግር ናት፤ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ሥሩን እይልኝ፣ እንዲህ ንጹሕ ነው» አላት። «ታዲያ ቅጠሉ ምን ነካው?»

ልጅቷ ገበሬውን አስከትላ ወንዙን ተሻገረችና ከሚስቱ ማሳ አንድ ባቄላ ነቀለች። አንዱን እባጭ በጥፍሯ ሰንጥቃ አሳየችው። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ያለ ነው።

«አባባ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ ቤት ነው። ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ከአፈር መጥተው ይገቡበታል። ባቄላው በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያበላቸዋል። እነሱ ደግሞ አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወስደው ለእሱ ምግብ አድርገው ይሰጡታል። እርስዎ ከጆንያ የሚበትኑት ማዳበሪያ ውስጥ ያለውም እሱው ነው። አየሩ ሞልቶ ሳለ ባቄላው ብቻውን ሊጠቀምበት አይችልም።»

«ታዲያ ማዶ ለምን አልገቡልኝም?»

«ባቄላ ባልኖረበት አፈር የባቄላ እንግዶች ከየት ይመጣሉ? የቦሎቄዎቹ ቢኖሩ እንኳ ለእርስዎ ባቄላ አይሆኑም፤ እያንዳንዱ የራሱ አለው። ለከርሞ ጤነኛ ባቄላ ከበቀለበት ማሳ አፈር ወስደው ማዶ ይበትኑ።»

ገበሬው የዚያን ዓመት ማዶ ያገኘው ከዘሩ እምብዛም አልበለጠም። ሰኔ ሲገባ ሚስቱ ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከማሳሽ አፈር ትሰጪኛለሽ?»

«ውሰድ» አለችው ፈገግ ብላ። «ጤነኛው ከምሥራቅ በኩል ያለው ነው።»

አፈሩን በጆንያ ሞልቶ በአህያ ጫነ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ምን ጭነሃል?» ይለዋል። «አፈር» ይላል። «ወዴት?» «ወደ አፈር።» ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ማዶ ሲደርስ ከዘሩ ጋር በትኖ ወዲያው በማረሻ አለበሰው።

በነሐሴ አንዱን ነቀለ። እባጮቹ ሥሩን ሞልተውታል። አንዱን ሰነጠቀው፤ ቀይ ነው። ከወንዙ ዳር ሆኖ ሚስቱን ተጣራ፤ «መጥተዋል! ነይ እዪያቸው!» አላት። በኅዳር ጎተራው አልበቃ አለ። በዓመቱም ባቄላው ባዳበረው በዚያው መሬት ላይ የዘራው ስንዴ ከጎረቤቶቹ ስንዴ በለጠ።

መሪጌታ ይህን ከተናገሩ በኋላ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«እንግዲህ ባቄላው አንተ ነህ፤ ሥርህ ላይ የተጠጉትም አማትህ ናቸው። የሚበሉትን እንጀራ አይተሃል፤ እሱ ከላይ የሚታይ ነው። ሚስትህ ወደ ሥራዋ የተመለሰችው ሕፃኑን ማን ይዞላት ነው? ያ ልጅ ሲያተኩሰው በየቀኑ ጤና ጣቢያ ይዞት የሚመላለሰው ማን ነበር? አንተ ያን ጊዜ ጣራ ላይ ነበርክ። ገበሬውም እነዚያን ነፍሳት ሥራ ፈት ያላቸው ሥራቸው ስላልታየው ነው። እና ልጄ፣ እስከ መቼ ይቀመጣሉ ብለህ እኔን ከምትጠይቅ፣ እሳቸው ‹በቃ ልሂድ› ያሉህ ቀን ምን ብለህ እንደምታስቀራቸው ከአሁኑ አስብ።»