ቁጥሩ እስኪመጣ

የስኳር ሕሙማን ማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ከፍያለው ንግግር ነፍሳቸው ነው። አንድ ጠዋት ለአባላቱ አዲስ የስኳር መለኪያ ሊያድሉ ተነሡና መልስ ለማይቸግራት አንዲት የጉልት ነጋዴ የመጀመሪያውን ሰጧት። የማኅበሩ ነርስ ስኳር የሚለካውን ሴንሰር ክንዷ ላይ ለጠፈችላት፤ ቁጥሩን የሚያሳየውን ማንበቢያም አበራችና «ቁጥሩ የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው» አለቻት።

«እስከዚያ እኔ ጥቂት ልበል፤ ሳልጨርስ ማንም እንዳይነካው!» አሉ አቶ ከፍያለው፣ ማይክሮፎኑን ጨብጠው።

ከማኅበሩ ምሥረታ ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ ራሳቸው ልደት ተመለሱ። ሴትዮዋ ማንበቢያውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሆዷ እየጮኸ ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ «በይ፣ ቁጥሩን ለሕዝቡ አንብቢ!» ሲሏት ማንበቢያው ጨልሟል። ባትሪው አልቋል።

አቶ ከፍያለው ቱግ አሉ። «ስጦታዬ እንከን አለው ልትዪ ነው? ወይስ አንቺው ነካክተሽ አበላሸሽው? ተናገሪ፤ አለዚያ ነጥቄሽ ለሌላ ነው የምሰጠው!»

ሴትዮዋ ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

«ኧረ ጌታዬ፣ እሱም እንከን የለው፣ እኔም አልነካሁት። እኩል ነበር የጀመራችሁት፤ እሱ ቀድሞዎት ደከመው እንጂ!»