ስም ገዢው የቀትር እንግዳ

ተረት ተረት! በሉ ተቀበሉኝ፤ «የአባት ርስት!» በሉ። እሰይ፣ እንደሱ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ከሐይቅ በላይ ባለ ተረተር ላይ አንድ የወይን ቦታ ነበር። ሦስት እርከን ነበረው። የላዩን የተከለው ዘውገ ነው። የመካከሉን የተከለው የዘውገ ልጅ አጥናፍ ነው። የታችኛውን የተከለው የአጥናፍ ልጅ ቢተው ነው። እርከኖቹም የሚጠሩት በተካዮቻቸው ስም ነበር። «ዛሬ ዘውገን እንገርዛለን፣ ነገ አጥናፍን እንኮተኩታለን» ይባል ነበር። መሬቱ ከእበት፣ ከአመድና ከበሰበሰ ቅጠል በቀር ሌላ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ፍሬው ብዙ አልነበረም። ወይን ጠጁን የጠጣ ሽማግሌ ግን የልጅነቱ ዘፈን ትዝ ይለው ነበር።

ቢተው ሞተ። ሁለት ልጆች ተረፉ፤ ታላቁ ጓንጉል፣ ታናሿ አንጓች። አንጓች እበት ትዝቃለች። ጓንጉልም ይዝቃል፤ ግን ያጉረመርማል።

«ይህን ሁሉ ቅርጫት እበት ለአንድ ጋን ጠጅ! ይህ ርስት ነው ወይስ ቅጣት?» ይላል።

አንድ ቀን በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለች፣ ንቦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ጓንጉል ቀና ቢል ከአጥሩ ማዶ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። ነጭ ለብሷል። እግሩ ላይ አቧራ የለም።

«ጓንጉል፣ ደከመህ» አለው።

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«ስም መሰብሰብ ሥራዬ ነው።» ከብብቱ ከረጢት አወጣ። በውስጡ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ነበረ። «ይህን በየሥሩ ቆንጠር እያደረግህ በትን። እበት መዛቅ ቀረልህ።»

«ዋጋውስ?»

«የአንድ ሙት ስም። የቅድመ አያትህን።»

ጓንጉል ሳቀ። «አጥንቱ አፈር የሆነ ሰው ስም ምን ያደርግልሃል? ውሰደው!»

እንግዳው አፉን ከፈተ። ውሃ እንደሚጠጣ ሰው አየሩን ዋጥ አደረገና ሄደ።

በዚያ ዓመት የላዩ እርከን ጉድ አፈራ። ዘለላው የጥገት ጡት አክሎ ተንዠረገገ። ግን ንብ አላረፈበትም። ወፍ አልጫረውም።

«ወንድምዓለም፣ ይህን እርከን ማን ነበር የምንለው?» አለች አንጓች።

ጓንጉል አሰበ፣ አሰበ፤ አልመጣለትም። «የላይኛው በይው» አለ።

በሁለተኛው ዓመት በቀትር ንቦቹ ጸጥ አሉ። እንግዳው ከአጥሩ ማዶ ቆሟል።

«የአያትህን» አለ።

«ውሰደው» አለ ጓንጉል።

እንግዳው ዋጥ አደረገና ሄደ። የመካከሉ እርከን ሐረግ በፍሬ ብዛት ጎበጠ። ውሻቸው በዚያ ሲያልፍ ፀጉሩ ይቆም ጀመር። አንጓች የአያቷን ስም ልትጠራ አፏን ብትከፍት ባዶ ሆነባት። «የመካከሉ በይው» አላት ጓንጉል፤ ፊቷን ግን አላየም።

በሦስተኛው ዓመት በቀትር ንቦቹ ጸጥ አሉ።

«የአባትህን» አለ እንግዳው።

አሁን ጓንጉል አመነታ። «እሱ እንኳ ሞቱ የቅርብ ነው። ሳሉ ገና ከጆሮዬ አልወጣም።»

«ሙት የቅርብና የሩቅ የለውም።»

ጓንጉል ወደ ጋኖቹ ዞረ። እስከ አፋቸው ሞልተዋል። «ውሰደው» አለ፤ ድምፁ ግን ለራሱም አልተሰማው።

በወሩ የቢተው ሦስተኛ ሙት ዓመት ደረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የነፍስ አባታቸው ለጸሎት ቆሙ።

«የማንን ነፍስ ይማር ልበል፣ ልጄ?» አሏት አንጓችን።

አንጓች አፏን ከፈተች። የአባቷን ጋቢ ታውቀዋለች። የእጁን የወይን ሽታ ታውቀዋለች። ስሙ ግን የለም። ቄሱም አጡት። ከእጁ የጎረሱ ጎረቤቶች እርስ በርስ ተያዩ። ያለ ስም የቆመ ጸሎት ያለ ስም ተበተነ።

ጎረቤቱ ከቤት ሲወጣ አንጓች በሩን ዘግታ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ወንድምዓለም፣ ምን አደረግህ?»

ጓንጉል ተንበረከከና ሁሉን ነገራት። «ከእንግዲህ ዓመት አልጠብቅም ብሎኛል፤ ነገ በቀትር ደግሞ ይመጣል። የቀረኝ የራሴ ስም ብቻ ነው። እምቢ ብትል ሥርህ ይደርቃል ብሎኛል» አለና አለቀሰ።

«እንግዲያው ነገ የማነጋግረው እኔ ነኝ» አለች።

በማግስቱ በቀትር ንቦቹ ጸጥ አሉ። አንጓች አጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀችው። ፊቷ ይስቃል።

«ጌታዬ፣ የወንድሜን ስም እንሰጥዎታለን። በእኛ አገር ግን ገዢ ስሙን ሳይናገር አይረከብም። ማን ልበልዎት?»

እንግዳው የራሱ ስም አልነበረውም። ከዋጣቸው መረጠ።

«ዘውገ እባላለሁ።»

የላዩ እርከን ነፋስ ሳይኖር ተንሾካሾከ። የአንጓች ልብ ዘለለ፤ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ የጥንት ሰው ስም ነው። እርስዎ ጎልማሳ ነዎት። ሴት ናት ብለው ይቀልዱብኛል? ማን ልበልዎት?»

«አጥናፍ እባላለሁ።»

የመካከሉ እርከን ተንሾካሾከ።

«አጥናፍማ ዳር አገር ማለት ነው። የዳር አገር ሰው እዚህ መሐል ምን ይሠራል? እውነተኛውን ይንገሩኝ፤ ማን ልበልዎት?»

እንግዳው ተቆጣ። ጥርሱን አፋጨ። ጥርሱ ከሰው ጥርስ ይበዛ ነበር።

«ቢተው! ቢተው እባላለሁ!»

የታችኛው እርከን ቅጠሉ ሁሉ ተገለበጠ። አንጓች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችበት።

«ቢተው ከሆንክ አባቴ ነህ፤ አባት በልጁ ስም አይነግድም። ቢተው ከሆንክ ደግሞ ሞተሃል። አልቅሼ ቀብሬሃለሁ። ቤትህ ከአፈር በታች ነው። ግባ!»

እንግዳው አፉን ከፈተ። አይደለሁም እንዳይል ስም የለውም። ነኝ እንዳይል ሙት ነው። ከእግሩ ጀምሮ እንደ ዝናብ ውሃ ወደ መሬት ሰረገ። ጉልበቱ ገባ፣ ደረቱ ገባ፣ በመጨረሻ ዓይኑ ገባ። ነጩ ልብስ ባዶውን የአጥሩ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያን ጊዜ ንቦቹ ሁሉ በአንድ ላይ ጮኹ።

ለጸሎት እንደገና ተቆመ፤ ቄሱም «የቢተውን ነፍስ ይማር» አሉ። ጋኖቹ ሲከፈቱ ግን ጠጁ መቃብር መቃብር ሸተተ። አለት ላይ ደፉት። ዱቄት የቀመሰው ሐረግ ሁሉ ደረቀ። አንጓች ከአጥሩ ዳር ዱቄቱ ያልደረሰባቸውን ጥቂት ሐረጎች ቆርጣ እንደገና ተከለች። ጓንጉል ሰባት ዓመት እበት ተሸከመ፤ አላጉረመረመም። በስምንተኛው ዓመት ወይኑ አፈራ፤ ንብም አረፈበት።

ጓንጉል ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ነገር አልለቀቀውም። አንዴ ሲጠሩት አይሰማም። ሁለቴ ሲጠሩት አይሰማም። በሦስተኛው ይሰማል፤ ያኔም የጠራውን ሰው እግር ሳያይ አቤት አይልም።

ለዚህ ነው አባቶች «ሥሩን የሸጠ በፍሬው አይጠግብም» የሚሉት።

ተረቴ እዚህ አለቀ። በሉ እናንተም የሰባት አባቶቻችሁን ስም እየቆጠራችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ።