ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የኔ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። ዛሬ ግን በረቱ ባዶ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ስሙኝማ፣ ልጆች።

ድሮ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ከባሏ ከፈንታሁንና ገና ድክ ድክ ከምትል ልጇ ጋር ጫካ ዳር ትኖር ነበር፤ አንዲት በግ፣ አንዲት ላም፣ አንድ በሬና አንድ ውሻም ነበሯቸው። ያን ዓመት እህል ተወደደ። ባሏም ከሳ፣ ሳል ያዘው። አንድ ምሽት ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ወዳጄ ፈንታሁን፣» አለ አያ ጅቦ፣ «እህል ይታረሳል፣ ይታረማል፣ ይታጨዳል፣ ይፈጫል። ሥጋ የሚፈልገው ቢላ ብቻ ነው። እኔን እየኝ! አርሼ አላውቅ፣ አሞኝም አያውቅ። በጓን እረድ። ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የኔ።»

ማንጠግቦሽን ፍርሃት ፍርሃት አላት። «አንተ ሰውዬ፣ ጅብ ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው ጤና የሚያስበው?» አለችው። አልሰማትም፤ በጓ ታረደች። እውነቱን ልናገር፣ የፈንታሁን ፊቱ ወዛ፣ ሳሉም ተወው። አጥንት የለመደው ውሻቸው ግን ጦሙን እያደረ ሰነበተና ጥሏቸው ሄደ።

አያ ጅቦ ተመለሰ፤ አሁን ከአጥሩ ወዲህ ነው። «ላሟን እረድ። ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የኔ።» ላሟ ታረደች። ልጅቷ ወተት አምጡ ብላ አለቀሰች።

ደግሞ መጣ፤ አሁን ደጃፉ ላይ ነው። «በሬውን እረድ። ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የኔ። ቀንዱን ግን ገደል ጣለው፤ አልወደውም።»

ለካ እስከ ዛሬ ቤት ያልገባው በሬውን ፈርቶ ኖሯል! ይህ የገባት ማንጠግቦሽ ብቻ ናት። በሬው ታርዶ ባሏ ቀንዱን ሊጥል ሲነሣ «ተው፣ ዋንጫ ይሆነናል» ብላ ደበቀችው።

ሥጋው አለቀ። ውሻ የለ፣ ላም የለ፣ በሬ የለ፤ ግቢው ጭር አለ። ሲመሻሽ በሩ ተገፋ፣ አያ ጅቦ እስከ ምድጃው ዘለቀ።

«ዛሬስ ምን አለ?»

«አለቀ፣ አያ ጅቦ፣» አለ ፈንታሁን።

«ኧረ አላለቀም!» አለ ጅቡ ልጅቷን እያየ። «ዛሬ ሥጋውም አጥንቱም የኔ ነው።»

ማንጠግቦሽ ከጅቡና ከልጇ መሀል ገባች። «እሺ፣ አያ ጅቦ። ግን እናት ነኝና ፊቷን እያየሁ አልሰጥህም። በአንቀልባ ልጠቅልላት፣ እስቲ ዞር በል።»

ጅቡ ዞር አለ። እሷ ልጇን «ዝም በይ፣ እናቴ» ብላ ባዶው ጎታ ውስጥ ከተተቻት። ቀንዱን በአንቀልባ ጠቀለለችና ሞራ ቀባችው።

ሞራው ጅቡን ሸተተው። ፈትቼ ልይ አላለ፣ ቆይ አላለ፤ ዘሎ ቀጭ! ቀንዱ ላንቃውን በሳው፣ ጥርሱ ረገፈ። እየጮኸ ጫካ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ደጅ አላለፈም።

ፈንታሁን ግን በሬ የለውምና እጁ እስኪላጥ መሬቱን በዶማ ሲቆፍር ከረመ። «ሥጋው መች ጎዳኝ፣» ይል ነበር፣ «መካሪዬ እንጂ!»

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ማለት ይኸው ነው። በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። በሥጋ ብታብሱትም ደስ ይለኛል፤ ብቻ አጥንቱን ማን እንደሚወስደው አስቀድማችሁ ንገሩኝ።