የሃርፐር ልጆች

በወይብላ ያደገ ሰው ሃርፐር የሚለው ስም አይገርመውም። ዳኛው ይልቃል ሃርፐር የዚያ አገር ሰው ናቸው፤ ሐኪሟ ስንዱ ሃርፐርም እንዲሁ፤ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ እንኳ በአያታቸው ሃርፐር ናቸው። ከተሜ ግን ስማቸውን ሰምቶ ፊታቸውን ያይና «እንግሊዙ በማን በኩል ነው?» ይላል። እኔም እንዲሁ ጠይቄ፣ መልሱን ስሰማ ክው ብዬ ቀረሁ።

አባቶች እንደሚሉት፣ በቀድሞ ዘመን ሃርፐር የሚባል እንግሊዛዊ የአገሩን ወንዝ ስፋት ሊለካ መጥቶ፣ አንድ ገበሬ የእግዜር እንግዳ ብሎ ተቀብሎት፣ ሦስት ሳምንት ከአንድ ገበታ ሲበሉ ሰነበቱ። አንድ ማለዳ ጉሙ ሳይገለጥ ገበሬው ማሽላው ውስጥ ጎንበስ ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ አየና ከርከሮ መስሎት ጦሩን ወረወረ። ሮጦ ሲደርስ፣ ወይ ጉድ! የገዛ እንግዳው የመለኪያ ገመዱን እንደያዘ ወድቋል።

ገበሬው አስከሬኑን ራሱ ተሸክሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበ ይባላል። እነሱም ግራ ገባቸው፤ ደም የሚደርቀው የሟች ወገን ካሳ ሲቀበል ነው፣ ለዚህ ሰው ግን ወገን ከየት ይምጣለት? ለካሳ የሚሆኑት የገበሬው በሬዎች ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡ ሊሉ ሲሉ፣ የገበሬው ሚስት ውድነሽ በስንት ስለት ያገኘችውን አንድ ልጇን ታቅፋ ብድግ አለች።

«በዚያ በኮልታፋ አፉ ልጅ የለኝም ብሎኛል። ስሙን ማን ሊያስጠራለት ነው? በሬ ስም አያስጠራ! ይኸው ልጄ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሃርፐር ልጅ ይባል።»

ገበሬው እንደምንም ብሎ «እኔንስ፣ ውድነሽ? እኔን ማን ያስጠራኝ?» አለ።

«አንቱማ በሕይወት አሉ፤ የሌለው እሱ ነው» አለችው።

ሽማግሌዎቹም ይሁን አሉ፤ ፍርዱም በዚያው ጸና። ልጁ ከቤት አልወጣም፤ ገበሬው ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ልጁ እሱ ራሱ በገደለው ሰው ስም ሲጠራ እየሰማ ኖረ ይላሉ።

ዛሬም የዚያ ቤት ሕፃን በአባቱ ፈንታ በሃርፐር ይጠራል፤ ክርስትና በተነሣ ዕለትም ማሽላው ዳር ወዳለው መቃብር ይወሰድና «ሃርፐር፣ ልጅህ መጣ» ይባላል። እኔም የገበሬውን ስም ለማወቅ ብጠይቅ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁና በመጨረሻ ዳኛው ይልቃል ዘንድ ሄድኩ። የስንቱን ነፍሰ ገዳይ ስም በችሎት ያስጠሩት ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጆቹ እኛ ነን» አሉኝ። «ስሙን ግን የሚያውቅ የለም።»