ከምን፣ ወደ ምን

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር። የጠየቅሽኝ ስለ ወንድምሽ መሆኑን አልረሳሁትም፣ ልጄ። «ከአረብ አገር ከተመለሰ ወዲህ የሚናገረው አይገባኝም፤ ተስፋ ልቁረጥ ወይ?» ነው ያልሽኝ። ታገሺኝ።

የዚህ ሰው ሚስት ለሰፈሩ ልጆች ተረት ትነግር ነበር። ተረቶቿንም በአሮጌ ኮምፒውተር ጽፋ አስቀምጣለች። ልጅ ስላልነበራቸው ከእሷ የቀረለት ይኸው ብቻ ነው። ናፍቆቱ ሲብስበት ጽሑፉን በአዲስ ኮምፒውተር ከፈተው። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት እንደ ፈሰሰ ጥራጥሬ ተበትኗል።

ሰውየው የዋዛ አልነበረም። እንዲህ ያለው በትእዛዝ እንደሚመለስ ያውቃል። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ሁለት ነገር ይሞላል፤ ጽሑፉ ከምን ዓይነት አጻጻፍ እንደመጣና ወደ ምን እንዲለወጥ። ወደ ምን የሚለውን አሳምሮ ጻፈ። ከምን የሚለውን ግን ገመተ። ኮምፒውተሩም የታዘዘውን አደረገ፤ አንዱን ዝብርቅርቅ ወደ ሌላ ዝብርቅርቅ ለወጠለት። ደጋግሞ ገመተ። በመጨረሻ «በስብሷል» አለና ሊያጠፋው ተነሳ።

የሚጠይቃት ሰው ጠፍታ አይደለም። ሚስቱን ኮምፒውተር ያስተማረቻት ባልንጀራዋ እዚያው ሰፈር ነበረች። ግን ከለቅሶው ወዲህ ለማንም በሩን አልከፈተም፤ እሷንም ከደጅ መልሷታል። በምን ዓይኑ ያያታል? ቢሆንም ማጥፋቱ አልሆነለትም። ጋቢውን ደርቦ ሄደ።

«እሷ እኮ ትጽፍ የነበረው እኔ በጫንኩላት በድሮው ፕሮግራም ነው፤ አጻጻፉ የራሱ ብቻ ነው» አለችና ስሙን ነገረችው። «ሚስትህ በምን ስትጽፍ እንደኖረች አታውቅም?»

አያውቅም ነበር። ቤቱ ተመልሶ ያንን ስም ከምን በሚለው ቦታ ሞላ። ፊደሉ መጣ። «ተረት ተረት» ሲል ጮክ ብሎ አነበበ። «የላም በረት» የሚለው ሰው አልነበረም። ራሱ መለሰና አለቀሰ።

ልጄ፣ ጽሑፉ አንድ ቀን እንኳ አልበሰበሰም ነበር። አንቺም ወንድምሽ ወደ ምን እንዲለወጥልሽ እንደምትፈልጊ አሳምረሽ ነግረሽኛል፤ ይሳቅ፣ ሥራ ይያዝ፣ እንደ ድሮው ይጫወት። እዚያ አረብ አገር በረሃ ላይ ግመል ሲጠብቅ ከማን ጋር ያወራ እንደነበር ስጠይቅሽ ግን «እንጃ» አልሽ። ያ ሰውዬ ባልንጀራዋን የጠየቀው ሚስቱ ስለሞተች ነው። ያንቺ ወንድም ግን ቤት ቁጭ ብሏል።