ቀበርቾን የዘራችው አንጓች

ተቀመጡ። አጭር ነው።

ድሮ ነው፤ ይህ ዋርካ ገና በሁለት ጣት በሚነቀልበት ዘመን። ከተራራው ሥር፣ ዋሻ በር በምትባል መንደር፣ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይህን የሰማሁት በልጅነቴ ለሰው ድንጋይ ስፈነቅል ነው። የዚያን ጊዜ ረሃቤን ልተወው። ታሪኩ ግን አብሮኝ አደገ።

ያኔ ሸክላ ሠሪ ትናቅ ነበር። እንስራዋን ይገዛሉ፤ እጇን አይጨብጡም። ዓይኗ ሰው ይበላል ይላሉ።

በየመስከረሙ ንዳድ፣ የወባው ትኩሳት፣ ይገባል። መድኃኒቱ ቀበርቾ ነበር፤ እሾኻም የተራራ ተክል፣ ሥሩ የሚታጠን። ሥሩ ሲነቀል ተክሉ ይሞታል። ሰው ነቀለ፣ ነቀለ፤ ተራራው ባዶ ቀረ። የአንጓች ባል ንዳድ ይዞት፣ ሥሩ ጠፍቶ ሞተ። አንዲት ልጅ ቀረቻት፤ ሽታዬ።

"እሷን ለንዳድ አልሰጥም" አለች አንጓች።

ተራራ ወጣች። ፈለገች፣ ፈለገች፤ ከገደል አፍ አንድ ቀበርቾ አገኘች። ዘሩ እስኪደርስ ፍየል እንዳይበላው ታቹ የወለቀ እንስራ አጠለቀችበት። ደምለው የሚባል ጎረምሳ ዶማ ይዞ መጣ።

"አንቺ ጭቃ፣ ዞር በይ!"

"ጌታዬ፣ ዛሬ ቢነቅሉት ለአንድ ቤት ነው። ብዘራው ለአገር ይሆናል።"

"ቀበርቾ ልትዘራ! ለከርሞ ደግሞ ጅብ ታልቢ ይሆናል።"

"ለእናትዎ የጠላ ጋን እሠራለሁ። ይተዉልኝ።"

የጋኑን ነገር ወደደ። ትቶ ሄደ።

ዘሩ ደረሰ። አንጓች ጓሮዋን ቆፈረች፣ ፍግ አበላች፣ አፈሩን እንደ ዱቄት አለሰለሰች። ዘራች። ዝናብ መጣ፤ ዘሩ በሰበሰ። መንደሩ ሳቀ። ነፋስ ያፈናጠራቸው ጥቂት ዘሮች ግን ሸክላ ከምትተኩስበት ቦታ፣ ከአመዱና ከገሉ መሃል በቀሉ። ቀበርቾ የድንጋይ ልጅ ነው፤ ምቾት ይገድለዋል። ከእነዚያ ዘር ለቀመች፤ ጭንጫ መሬት ፈልጋ ዘራች። ሥሩ እስኪወፍር ዓመታት አለፉ። ንዳድ በገባ ቁጥር ሽታዬን ይዛ ወደ ደጋ ትሸሽ ነበር።

አንድ መስከረም ንዳዱ ቀደማት። ሽታዬ ወደቀች። አንጓች ሥሩን ነቀለች።

"ሰው የዘራው መድኃኒት አይሠራም" አለ መንደሩ። "የእሷ እጅ ሲጨመርበትማ ጭራሽ ይገድላል።"

አንጓች ልጇን ደጃፍ አውጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየ በጠራራ ፀሐይ አጠነቻት። ሽታዬን አላባት። በማግስቱ ተነሥታ ቆሎ ለመነች። ስትቆረጥመው መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ደምለው መጣ። እናቱ በንዳድ ተይዘዋል። ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

"እትዬ አንጓች!"

እትዬ ብሏት የሚያውቅ አልነበረም።

"ግባ፤ ደጅ አትቁም" አለችው። ሥር ነቅላ በአንድ እጁ፣ ዘር ዘግና በሌላው ሰጠችው። "ሥሩ ለእናትህ ነው። ዘሩ ለማታውቀው ሰው ነው። ሳትዘራ እሳት እንዳታነድ።"

ዘራ። አነደደ። እናቱ ዳኑ። ከዚያ ሁሉም መጣ፤ ሁሉም እጇን ጨበጠ፤ ሁሉም ዘራ። በዚያ መስከረም በዋሻ በር መቃብር አልተቆፈረም። ተራራውም ዳግመኛ እሾኽ አበቀለ።

ስለዚህ በእኛ አገር ቀበርቾ ነቅሎ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ቤት አይገባም። ከውስጥ ይጠየቃል፦

"ለማታውቀው ዘራህለት?"

"እትዬ አንጓች ምስክሬ ናቸው" ይላል።

ያኔ እሳት ይነዳል።